ልጄ ወደቀ፤ እኔ ግን «አለፈ» አልኩ

በዚህ ገጽ የሌላውን ጉድ እያነበብን ከንፈር መምጠጥ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን የራሴን ጉድ ይዤ ቀርቤያለሁ። ስሜ ይቅር። የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በኬንት አውራጃ ነው። ቤታችንን ሊያናጋው የነበረው መጠጥ ወይም ውሽማ እንዳይመስላችሁ፤ የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነው!

«ሚኒስትሪ»ን የተፈተነ ሁሉ ውጤት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን እህል አይወርድ። እኛ ግን ያኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሰን ነበር። እዚህ ፈተናው የሚመጣው ልጁ ገና 10 ዓመቱ ላይ ሳለ ነው። 11 ዓመት ሲሞላው ለሚገባበት ትምህርት ቤት ስለሆነ «ኢለቨን ፕላስ» ይሉታል። ያለፈ «ግራመር ስኩል» ይገባል፤ ያላለፈ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ሰዋስው ቤት

ስሙን ስሰማ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ብቻ የሚማሩበት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። በድሮ ዘመን እዚያ የሚማሩት የላቲን ሰዋስው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑም፣ የሕጉም፣ የምሁሩም ቋንቋ ላቲን ነበራ! የእኛ የቅኔ ቤት ተማሪ ከግዕዝ ጋር ሲታገል እንደሚያድረው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ስትራትፎርድ ሄጄ ነበር፤ የሼክስፒር አገር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ ያስነበበን የዚያ ሰውዬ አገር። እዚያ ንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ በ1553 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንደ አዲስ ያቋቋሙት ግራመር ስኩል ዛሬም አለ። የሼክስፒር ስም ያለበት መዝገብ አልተረፈም፤ ነገር ግን እዚያ እንደተማረ ነው የሚታመነው። አሮጌው ክፍል ከ2016 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። በዚያ ዘመን ልጆቹ በበጋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው እስከ አመሻሹ በላቲን ያነበንቡ እንደነበር ሲነገረን፣ ትንሹ ልጄ «ምስኪኖች!» ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀ።

የዛሬው መልክ የመጣው ግን በ1944 በወጣ ሕግ ነው። በመንግሥት ግራመር ስኩሎች ክፍያ ቀረ፤ የደሃም የሀብታምም ልጅ በፈተና ብቻ ይግባ ተባለ። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር። የደሃ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ብዙ ቤት አለ። ነገር ግን የሚያልፈው ጥቂቱ፣ የሚወድቀው ብዙው ሆነ። በ10 እና በ11 ዓመቱ «አንተ አትችልም» የተባለ ሕፃን ነገሩን ሸምግሎም አይረሳውም። በዚህ የተነሳ በ1965 የሌበር ፓርቲ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ልጅ ያለ ፈተና እንዲቀበሉ ለአካባቢ አስተዳደሮች መመሪያ አስተላለፈ። ያኔ 1,300 ገደማ የነበሩት ግራመር ስኩሎች ዛሬ በእንግሊዝ 163 ብቻ ናቸው። በ1998 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ እንዳይከፈት ከለከለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ በ2016 ክልከላውን ላንሳ ብለው ተነሥተው ነበር፤ ከ2017 ምርጫ በኋላ ሐሳቡ ቀረ። ከቀሩት ውስጥ 32ቱ ያሉት በእኛው በኬንት ነው። ግርግሩ ታዲያ ያለ ምክንያት አይደለም!

ከጠዋት እስከ ማታ

ትልቁ ልጄ አልፎ ገባ። ሐሰት አልናገርም፣ ትምህርት ቤቱ ደስ ይላል። ጠዋት ጫማው ተወልውሎ፣ ክራቫቱ ታስሮ፣ ደረቱ ላይ አርማ ያለበትን ኮት ለብሶ አውቶቡስ ይጠብቃል። ሲደርስ ስም ይጠራል፤ ከዚያ በደወል ከክፍል ክፍል መዞር ነው። ተማሪዎቹ «ሃውስ» በሚባሉ ቡድኖች ተከፋፍለው በስፖርቱም፣ በሙዚቃውም፣ በጠባዩም ነጥብ ይሰበስባሉ። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን ይቆጣጠራሉ። ላቲን ዛሬም ይሰጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ቼዝ አለ፣ ክርክር አለ፣ ኦርኬስትራ አለ። ያረፈደ ወይም የቤት ሥራ ያልሠራ ከትምህርት በኋላ ታግቶ ይቆያል። ማታ የቤት ሥራው እንደ ጉድ ነው። ሳየው ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄጄ ሳላወራው አልመለስም ነበር።

የትንሹ ተራ መጣ። እሱ ሌላ ነው። የተበላሸ ማንቆርቆሪያ ፈታቶ የሚሠራ፣ መጽሐፍ ላይ ግን ሐሳቡ የሚበርበት ልጅ። አስጠኚ ቀጠርን። ልብ በሉ፣ ትምህርት ቤቱ በነጻ ነው፤ ለመግባት የሚወጣው የአስጠኚ ገንዘብ ግን ኪስ ያራቁታል። የደሃ ልጆች እዚያ በብዛት የማይታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ የሚባል ቀን ከልጁ ላይ ወሰድኩበት።

መስከረም ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማሰብ ችሎታ ተፈተነ። ጥቅምት ላይ ውጤቱ በኢሜይል መጣ። የኬንት ሕግ ድምሩም መሙላት አለበት፤ እያንዳንዱም ትምህርት ከተወሰነ ነጥብ በታች መሆን የለበትም። የእሱ ድምሩ ሞልቷል። እንግሊዝኛው ጎደለ። በጥቂት ነጥብ!

የእሁዱ ስልክ

በዚያው እሁድ አማቴ ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ልጄ፣ የትንሹስ ነገር እንዴት ሆነ? እንደ ወንድሙ አለፈልሽ?» አሉኝ። ምላሴን ምን እንደነካው እንጃ፣ «አለፈ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እልልታቸው ስልኩን አልፎ ሳሎኑን ሞላው። ዞር ስል ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

ምንም አላለም። ማታ ብርድ ልብሱን ላለብሰው ስገባ ግን ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ ያለፈው ልጅ ማነው?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ደርሶብኛል። እንደዚያች ጥያቄ ያለ ግን አልገጠመኝም። እሱ ወደቀ፤ እኔ ደግሞ ባልወደቀ ሌላ ልጅ ለወጥኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ።

በሚቀጥለው እሁድ አጠገቤ አስቀምጬው ራሴ ደወልኩ። «እማማ፣ ዋሽቻለሁ። ልጁ አላለፈም። ያፈርኩት ደግሞ በእሱ አይደለም፣ በራሴ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «ውይ ልጄ! ባልሽስ ቢሆን ሚኒስትሪን ሁለቴ አይደል የተፈተነው? አልነገረሽም እንዴ?» ባለቤቴን ዞር ብዬ ባየው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል! «እኔ በአንዴ ነው ያለፍኩት» እያለ ስንት ዓመት ልጆቹን ሲመክር የኖረ ሰው! ያን ቀን ልጄ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አሁን ሠፈራችን ባለው ትምህርት ቤት ይማራል። እንጨትና ብረት የሚሠሩበት ክፍል ሲገባ ደወል አይሰማም አሉ። ቁስሉ ጨርሶ ድኗል ግን አልልም። የወንድሙ ትምህርት ቤት በዓል ሲኖር ሆዴን አመመኝ ይላል። እኔም ና ብዬ አላስገድደውም።

እንግዲህ ከኔ ተማሩ

ልጃችሁ ለማንኛውም ዓይነት ፈተና የሚቀመጥ ከሆነ እነዚህን አትርሱ።

አንደኛ፣ «ብታልፍም ባታልፍም ልጄ ነህ» የሚለውን ከውጤቱ በፊት ንገሩት። ከውጤቱ በኋላ ሲባል ማጽናኛ ይመስላል፤ አይታመንም።

ሁለተኛ፣ ሁለተኛውንም ትምህርት ቤት አብራችሁ አስቀድማችሁ ጎብኙ። ሳታዩት «የወዳቂ ቤት» አትበሉት። ደግሞም በሩ ለዘላለም አልተዘጋም፤ እዚህ 16 ዓመት ሲሞላው ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግራመር ስኩል ማመልከት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ወንድምን በወንድም አትለኩ። አንድ ማኅፀን ስላወጣቸው አንድ ልክ አይሆኑም።

አራተኛ፣ ስለ ልጃችሁ በስልክ የምትሉትን ደረጃው ላይ የተቀመጠው ይሰማችኋል።

ለሣምንት በሰላም ያገናኘን!