የማድ ቤት ጠረጴዛ እድሳትና የወላይታ ገበያ

በማድ ቤት መካከል ለብቻው ቆሞ ለመክተፊያ፣ ለማቡኪያና ለማቅረቢያ የሚያገለግለው፣ በተለምዶ «አይላንድ» የሚባለው ጠረጴዛ በአዳዲስ ቤቶች እየተለመደ መጥቷል። በአረካ አቅራቢያ ለምትገኘው ለዱቦም ሆነ ለወላይታ ሶዶ ነጋዴ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሙሉውን ጠረጴዛ ከውጭ አገር አስመጥቶ መሸጥ ይሻላልን፣ ወይስ ያረጀውን ለማደስ የሚያስፈልገውን ዕቃ ማቅረብ? ሒሳቡ ሁለተኛውን ይደግፋል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ በመቀነሱ፣ የገቢ ዕቃ ዋጋ መናሩ የታወቀ ነው። ሙሉ ጠረጴዛ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በመንገድ ይሰበራል፤ ገዢ እስኪያገኝም የነጋዴውን ገንዘብ አስሮ ይቆያል። ማጠፊያ፣ እጀታ፣ የመሳቢያ ሐዲድና ቀለም ግን በጥቂት ካርቶን ተጭነው ለብዙ ቤት ይበቃሉ። የቀረው ሥራ የአናጢው ነው፤ ገንዘቡም በአገር ውስጥ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል። እግሩና አካሉ ጽኑ የሆነ ጠረጴዛ በሚገባ ታጥቦ ስቡ ከወጣለት፣ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገና የመጀመሪያ ቀለም ከተቀባ በኋላ የዘይት ቀለም ቢቀባ አዲስ ይመስላል። ስቡ ሳይለቅ የተቀባ ቀለም ግን ፈጥኖ ይላጣል። ውኃ ገብቶበት ያበጠ ቺፕውድም በቀለም አይድንም፤ ሳንቃው መለወጥ አለበት።

የላዩ ገጽ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ቆጮ በሚዘጋጅበት፣ ቅቤ በሚነጠርበትና ዳጣ በሚሠራበት ማድ ቤት እርጥበት፣ ስብና ትኩስ ድስት አይታጣም። እብነ በረድ ውብ ቢሆንም ሎሚ ያበላሸዋል፤ ግራናይት ይበልጥ ይችላል። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ አካሉ አስቀድሞ ሊጠናከር ይገባል። እንጨት የሚመርጥ ደንበኛም ዋንዛ መጠየቁ አይቀርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ እንደነበር ነጋዴው አስታውሶ፣ የእንጨቱን መገኛ የሚያስረዳ ሰነድ መያዝ ይገባዋል።

በልክ ረገድ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ቆሞ ለመሥራት ይመቻል፤ በዙሪያውም 1 ሜትር ያህል መተላለፊያ ቢተው መልካም ነው። ለጌጥ ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ኅብር ያለው የወላይታ ዱንጉዛ ለመቀመጫ ልብስ ቢውል፣ በጥቂት ወጪ ለቤቱ የአገሩን መልክ ይሰጠዋል፤ ለሸማኔውም ተጨማሪ ገበያ ይከፍታል።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ስለሚከበር፣ ቤቱን ለበዓሉ ማሳመር የሚሻ ሰው እድሳቱን ቀደም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ባለሱቆች ከአናጢዎች ጋር አስቀድመው ተነጋግረው፣ ተፈላጊውን የማጠፊያና የመሳቢያ ሐዲድ ልክ በመለየት እስከ ሐምሌ ወር ዕቃውን ቢያከማቹ ይጠቀማሉ። ደንበኛው ሲመጣ ቀለሙን፣ ማጠፊያውንና ሙያተኛውን በአንድ ሱቅ ካገኘ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።