ለሚራስ ጉዳይ ጠበቃ ከመያዛችን በፊት

ከቡታጅራ ቤተሰብ አባት ወደ አኼራ ሲሄድ ንብረቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይገኝም። ቤቱ ከተማው ውስጥ፣ ሱቁ መርካቶ፣ አንዱ ልጅ ደግሞ ሳዑዲ ይሆናል። ለቅሶው ሳይበርድ «ያለ ጠበቃ አይሆንም፣ አሥር በመቶ ትከፍላላችሁ» የሚል ሰው ይመጣል።

እስኪ እናስላው። ዕዳም ኑዛዜም የሌለበት ተሪካ 4 ሚሊዮን ብር ቢገመት፣ አሥር በመቶው 400,000 ብር ነው። ሟች ልጆች ካሉት የሚስቱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 500,000 ብር ነው። ክፍያው ከተሪካው ከተነሳ ደግሞ ወደ 450,000 ይወርድባታል። ጠበቃው ከሚስቲቱ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው!

ወራሾች እስካልተጣሉ ድረስ ጉዳዩ ሙግት አይደለም፤ የወራሽነት ማረጋገጫ መጠየቅ ብቻ ነው። ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻና የልጅነት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ይቀርባሉ። ማመልከቻውን ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይጽፉታል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሆነ ድርሻውን የሚያሰላው ቃዲው ነው። መቅረብ ለማይችል ወራሽም ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም ወላጅ በውክልና እንዲቆምለት ይፈቅዳል። የዳኝነት መክፈል ያቃተው ደግሞ በድህነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ጠበቃ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። ጋብቻው ወይም ልጅነቱ ከተካደ፣ ካርታው በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ አንዱ ወራሽ ንብረት ከደበቀ፣ እዚያ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ኪሳራ ነው። ፍርድ ቤት መምረጥም ቀላል ነገር አይደለም። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34/5)። መርካቶ ያለው ሱቅ በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያከራክር ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ጉዳዩም በሌለበት ይታያል። መጥሪያን ኪስ ውስጥ ከቶ ዝም ማለት እንግዲህ መልስ ነው።

ክፍያው የሚወሰነው በስምምነት ስለሆነ መደራደር ነውር የለውም። በፊቅህም ኡጅራ አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። ላልተጣላ ቤተሰብ ከመቶኛ ይልቅ ቁርጥ ዋጋ ይሻላል ባይ ነኝ። የጠበቃውን ፈቃድ አይታችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ፦ ሥራው ምንድን ነው? ይግባኝን ይጨምራል? በየስንት ጊዜ ይከፈላል? ጉዳዩ በሽማግሌ እርቅ ቢያልቅስ? ደረሰኝም ያዙ፤ የረታ ወገን የወጪና ኪሳራ ዝርዝር አቅርቦ ተረቺው እንዲከፍለው መጠየቅ ይችላልና።

ውክልናው ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉ ቃላት ካሉ ይውጡ፤ ለመከራከር አያስፈልጉም። ሳዑዲ ያለው ልጅ በቆንስላ በኩል የሚልከውም ውክልና ከመፈረሙ በፊት በዚሁ ዓይን ይነበብ።