ከፋዩ ሆሳዕና፣ ገበያው ሌላ ከተማ

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የሀዲያ ሆሳዕና እግር ኳስ ክለብ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት፣ በስሙ በተጠራበት ከተማ አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። የቴሌቪዥን ሥርጭቱን የያዘው ዲኤስቲቪ ካሜራዎቹን የተከለው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ ነበርና፣ አሥራ ስድስት ሊሆኑ የታቀዱት ክለቦች ሁሉ ሻንጣቸውን ይዘው ካሜራውን ተከተሉ። የሆሳዕናው አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ፣ ቆሎና ውኃ የሚሸጥ፣ የክለቡን ማልያ አንጠልጥሎ የሚያዞር ሰው አልነበረም። ደጋፊው ቡድኑን ያየው ከቡና ቤት ወንበር ላይ ሆኖ ነው።

የተጫዋቾቹ ደመወዝ ግን ከሆሳዕና መውጣቱን አላቆመም። የሆቴሉም ሒሳብ እንዲሁ። አንድ ክለብ ጅማ ላይ ሳምንታት ሲከርም የሚበላው ምግብ፣ የሚተኛበት አልጋ፣ የሚሳፈርበት አውቶቡስና የሚያጥበው ትጥቅ ሁሉ ገንዘቡ የሚገባው ለጅማ ነጋዴ ነው። የሊጉን ጨዋታዎች ለማስተናገድ ከተሞች የተሽቀዳደሙበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጥያቄው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዞን ወይም አንድ ከተማ ከሕዝብ ካዝና አውጥቶ ክለብ ሲያቆም፣ በምላሹ የሚያገኘው ምንድን ነው?

የአገሪቱን ክለቦች በከፋያቸው ከለዩአቸው ጎራው ብዙ አይደለም። በአንድ በኩል እንደ ንግድ ባንክ፣ መድንና ኤሌክትሪክ ያሉት የመንግሥት ድርጅቶች፣ እንዲሁም የመከላከያው መቻል አሉ። በሌላ በኩል በ1928 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ፣ ባለሀብትና ስፖንሰር የሚሸከሟቸው ጥቂቶች ይገኛሉ። የቀሩት፣ በቁጥርም የሚበዙት፣ የከተማ ወይም የዞን ስም የያዙት ናቸው። ሀዲያ ሆሳዕና ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ስሙ የዞኑንም የከተማውንም መጠሪያ አጣምሮ መያዙ ራሱ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይናገራል።

ክለቡ ፕሪሚየር ሊጉን መጀመሪያ የቀመሰው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን በዚያው ዓመት ተመልሶ ወረደ። በ2011 ዓ.ም. ከሰበታ ከተማና ከወልቂጤ ከተማ ጋር እንደገና አደገ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ፤ የቴሌቪዥኑ ዘመን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብረውት ካደጉት መካከል ሰበታ በ2014 ሲወርድ፣ ወልቂጤም ከ2017ቱ ውድድር ውጭ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ሀዲያ ሆሳዕና በሊጉ ውስጥ ነበር። ሦስቱም በመሠረቱ በአንድ ዓይነት ካዝና የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ፣ የአንዱ መቆየትና የሌሎቹ መንሸራተት ለሆሳዕና ሰዎች ተራ ወሬ አይደለም።

ሒሳቡን በቀላል ቁጥር ማየት ይቻላል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁ። ጣሪያው በተግባር ምን ያህል እንደ ተከበረ ለማንም የተሰወረ አይደለምና እሱን ትቶ፣ ተከብሯል ብሎ እንኳ ማስላት ይበቃል። 25 ተጫዋች በጣሪያው ልክ የሚከፈለው ክለብ በወር 1 ሚሊዮን 250 ሺህ፣ በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ለደመወዝ ብቻ ያወጣል። አሥራ ስድስት ክለቦች ባሉበት ሊግ አንድ ክለብ በሜዳው 15 ጨዋታ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ 5 ሺህ ሰው 20 ብር ከፍሎ ቢገባ የዓመቱ ገቢ 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ነው፤ የደመወዙ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። ይህም ጨዋታው በከተማው ሲደረግ ነው። በ2013 እንደ ታየው ከከተማው ሲወጣ የትኬቱ ሒሳብ ዜሮ ይሆናል።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ጉድለቱን ይሸፍናል የሚል ተስፋ ነበር። ለአምስት ዓመት የተፈረመው ውል 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ በወቅቱ ሲነገር፣ ብዙ የክለብ አመራሮች በየኪሳቸው ዶላር የገባ ያህል ተደስተው ነበር። ይሁንና ከዚያ ውስጥ ጨዋታውን ቀርጾ ለማስተላለፍ የሚወጣው ወጪ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ለክለቦች የሚተርፈውም ቢሆን በደረጃ ልዩነት የሚከፋፈል ነው። ስለዚህ ጉድለቱን የመሙላት ሸክም ተመልሶ በዞኑ በጀት ላይ ይወድቃል። በደቡብ ከተሞች ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ለክለብ መዋጮ መቁረጥ፣ ነጋዴውን በስብሰባ ጠርቶ ቃል ማስገባትና ቶምቦላ ማዞር ሲሠራባቸው የኖሩ ዘዴዎች ናቸው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ክለቦች ተጫዋች የሚያስፈርሙት ደግሞ በክረምቱ፣ አዲሱ በጀት ገና ትኩስ ሆኖ ካዝናው ሞልቶ በሚታይበት ጊዜ ነው። ፊርማው ያን ጊዜ በለጋስ እጅ ይፈረማል። ሚያዝያና ግንቦት ሲደርስ፣ ሊጉም ወደ ወሳኙ ምዕራፍ ሲገባ፣ የዞኑ ገንዘብ መምሪያ የቀረችውን ሳንቲም ለትምህርት፣ ለጤናና ለግብርና ሲያብቃቃ ክለቡ ወረፋ ይይዛል። ደመወዝ ዘገየብን የሚል የተጫዋቾች አቤቱታ ለፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት እንግዳ የማይሆነው በዚህም ምክንያት ነው። ወረፋው የሚያስቆጣው ግን ተጫዋቹን ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን በአንዳንድ ወረዳዎች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ዘግይቶ ወይም ተቆራርጦ ሲከፈል እንደ ነበር በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ደመወዙ ያልደረሰው መምህር ለግብ ጠባቂው ደመወዝ ሲጠየቅ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም፤ ያው መምህር ቅዳሜና እሑድ የክለቡ ደጋፊ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል።

ከሆሳዕና ብዙ ሳይርቅ፣ በከምባታ ዱራሜ የሆነው ይህንኑ በአጭሩ ያሳያል። ስሙን 777 ደረጃ ከተሠራለት ከሀምበሪቾ ተራራ የወሰደው ሀምበሪቾ ዱራሜ በ2015 ዓ.ም. ከንግድ ባንክና ከሻሸመኔ ከተማ ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ዱራሜ ታላቅ ደስታ ሆነ። በ2016 ግን ንግድ ባንክ ባደገ በዓመቱ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ሀምበሪቾ የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ወረደ። ሁለቱ የተነሡት ከአንድ መስመር ላይ ነበር፤ ልዩነቱን የፈጠረው ኪስ ነው። ለነገሩ የባንክ ኪስም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ይኸው ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑን አፍርሶ፣ ከዓመታት በኋላ ነው እንደገና ያቋቋመው።

ዩኒቨርሲቲው የቱ ጋ ነው?

ሆሳዕና ሌላም አቅም አላት። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የከተማዋን የቀድሞ ስም ይዞ የሚጠራ ሲሆን፣ በዱራሜም ካምፓስ አለው። የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች፣ የስፖርት ሳይንስ መምህራን፣ ሐኪሞችና ሰፊ መሬት በአንድ ግቢ ሥር መኖራቸውን ያየ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲው ለክለቡ ለምን ገንዘብ አይሰጥም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ግን የተዛባ ነው። ዩኒቨርሲቲ በጀቱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት ነው፤ ለማስተማር፣ ለምርምርና ለማኅበረሰብ አገልግሎት። የአጥቂ የፊርማ ገንዘብ ከእነዚህ ከየትኛው አርዕስት እንደሚመዘገብ ለኦዲተር ማስረዳት ይከብዳል።

ስሙን ለክለብ የሰጠ ዩኒቨርሲቲ የለም ማለት አይደለም። ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ክለብ በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከ2013 ጀምሮ ከውድድር ርቆ ቆይቶ በ2017 ተመልሷል። በባሕር ማዶም የቺሊው ዩኒቨርሲዳድ ደ ቺሌ የታወቀ ምሳሌ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ተለይቶ ራሱን ሲችል ስሙንና ዓርማውን አልጣለም፤ በ2006 ግን ፍርድ ቤት መክሰሩን አወጀና አስተዳደሩ ለአንድ አክሲዮን ኩባንያ ተላለፈ። ዕዳው የዩኒቨርሲቲው ባይሆንም ጋዜጦች ላይ የወጣው ስም የዩኒቨርሲቲው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ የሚችለው ከገንዘብ ሌላ መሆኑን ያሳዩት የሊጉ አስተናጋጅ ከተሞች ናቸው። በጅማ የተደረጉት ጨዋታዎች የተካሄዱት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። በተለያዩ ዓመታት የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳዎችም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አስተናግደዋል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ስታዲየሙን የሠሩት ለተማሪዎቻቸው ቢሆንም፣ ካሜራውን ወደ ከተማው የጠራው እሱ ሆነ። በሬስቶራንቱ፣ በታክሲውና በአልጋ ኪራዩ የተጠቀመው ደግሞ የከተማው ነጋዴ ነው። ሀዲያ ሆሳዕናም ጅማ ላይ የተጫወተው የሰው ዩኒቨርሲቲ በሠራው ሜዳ፣ የራሱን ዞን ገንዘብ እያወጣ ነበር።

ሜዳና ሐኪም መስጠት ከደመወዝ መክፈል የሚለየው በሌላም ነገር ነው። ደመወዝ ተበልቶ ያልቃል፤ ተጫዋቹም በዓመቱ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። ሣሩ፣ መብራቱና የመልመጃ ሜዳው ግን ክለቡ ቢወርድ እንኳ ከተማው ውስጥ ይቀራሉ፤ ተማሪውም ሕፃናቱም ይጫወቱባቸዋል። የተጎዳ ጉልበት በማስተማሪያ ሆስፒታል ቢታይ ክለቡ ወጪ ይቀንሳል፣ ሐኪሙም ልምድ ያገኛል። ይህ በማኅበረሰብ አገልግሎት ስም ቢመዘገብ ኦዲተርም የሚቃወመው አይመስልም።

አስተዳደሩ ሜዳውን ሠርቶ ኪራዩን በግልጽ ውል ካላሰረው ግን ሌላ መዘዝ አለ። በእንግሊዟ ኮቬንትሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ስታዲየም ባለቤትነት የከተማው ምክር ቤትና የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ኮቬንትሪ ሲቲ ተከራይ ነበር። ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ርቆ ገቢው በቀነሰበት ጊዜም በዓመት ወደ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ኪራይ ይጠበቅበት ነበር። በ2012 መክፈል አቆመ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመንም ክለቡ የሜዳውን ጨዋታ ኖርዝሃምፕተን ድረስ እየሄደ አደረገ። ደጋፊው በዚያ ዓመት የገባው ወጪ ለብቻው ነው።

በሆሳዕና አሁን ነገሩን የሚያከብደው የከተማዋ ማደግ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ቢሮ መጣ፣ ሠራተኛ መጣ፣ የቤት ኪራይም ተከትሎ ወጣ። የክልል መቀመጫ የሆነ ከተማ መሬቱን ለብዙ ነገር ይፈለግበታል፤ ለመልመጃ ሜዳ የሚሆን ሰፊ ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት እየተወደደ እንጂ እየረከሰ አይሄድም። እንግዳ ሲበዛ ሆቴል ስለሚከፈት ግን ሊጉ ከአስተናጋጅ ከተማ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ፣ ማለትም በርካታ ቡድኖችን ለሳምንታት የሚይዝ አልጋ፣ ክለቡ ሳይከፍልበት እየተሟላ ሊመጣ ይችላል። የቀረው የሌሊት መብራት፣ ደረጃውን የጠበቀ ሣርና ቢያንስ ሁለት መልመጃ ሜዳ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያው የከተማው አስተዳደር፣ የመጨረሻው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው እጅ ላይ ነው።