የቴቬናን ሁለት ቁጥሮች

የመኪና ባትሪን በቮልቴጁ ብቻ መዝኖ ደህና ነው ማለት ያሳስታል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቴስተሩ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ግራ የሚያጋባን ባትሪ በአንድ ቁጥር የሚገለጽ ስለሚመስለን ነው። የሚገለጸው በሁለት ነው፤ ይህንንም የፈረንሳይ ቴሌግራፍ መሐንዲስ ሊዮን ሻርል ቴቬናን እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው ቴዎረም አስቀምጦታል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1853 የእንስሳት አካል ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ሲያጠና ቀድሞ ደርሶበት ነበር፤ ስሙ ግን ለቴቬናን ቀረ። ቴዎረሙ እንደሚለው ምንጮችና ሬዚስተሮች የቱንም ያህል ቢወሳሰቡ፣ ከሁለት ጫፎች ሲታዩ በአንድ የቮልቴጅ ምንጭና ከእሱ ጋር በተከታታይ በተያያዘ አንድ ሬዚስተር ሊተኩ ይችላሉ። ቮልቴጁ ባትሪው ሥራ ፈትቶ ይለካል፤ ሬዚስታንሱ ግን ካልሠራ አይታወቅም። ሞተሪኖው 200 አምፒር ሲስብ ቮልቴጁ ወደ 10.6 ከወረደ 2 ቮልት ውስጡ ቀርቷል፤ ለ200 ሲካፈል 0.01 ኦም ነው። ያረጀ ባትሪ በዚያው ከረንት ወደ 8.6 ቢወርድ 0.02 ኦም ይሆናል። ቴስተሩ ሁለቱን ባትሪዎች ያልለየው ራሱ የሚስበው ከረንት ኢምንት ስለሆነ ነው።

በ1926 ደግሞ የቤል ላቦራቶሪው ኤድዋርድ ኖርተንና የሲመንሱ ሃንስ ፈርዲናንድ ማየር፣ ሳይመካከሩ፣ ሌላውን ገጽ አወጡ፦ የከረንት ምንጭና በትይዩ የተያያዘ ሬዚስተር። ልወጣው ቀላል ነው፤ 12.6 ለ0.01 ሲካፈል 1260 አምፒር ይሰጣል፣ ሬዚስታንሱ እንዳለ ይቀጥላል። መፍቻ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ሲያገናኝ ለምን እንደሚያቃጥል ከዚህ ቁጥር ይታያል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የኖርተን ሥዕል እውነት ከሆነ ሥራ የፈታ ባትሪ ውስጡ 1260ው አምፒር በሬዚስተሩ ስለሚዞር ወደ 15,900 ዋት እየተቃጠለ መሆን ነበረበት፤ ባትሪው ግን ቀዝቃዛ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፣ ቴዎረሙን ግን አይነካም፤ ቃል የገባው ከጫፎቹ ውጭ ስላለው ብቻ ነውና። የውስጥ ሙቀትን ከእሱ የሚያሰላ ሰው ያልተሰጠውን ይጠይቃል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ቴዎረሙ የሚሠራው በቮልቴጅና በከረንት መካከል ያለው ግንኙነት ቀጥታ መስመር ሲሆን ነው፣ የባትሪ ሬዚስታንስ ግን በብርድና በቻርጅ መጠን ይለዋወጣል። ስለዚህ 0.01 ኦም የዚያ ሰዓትና የዚያ ጭነት ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ሁሉን ስለሚያሰላ ቴዎረሙ አያስፈልግም የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያሰላው የገባለትን ሰርኪዩት ነው፣ የባትሪው ውስጥ ደግሞ ተከፍቶ አይታይም። መካኒክ ባትሪውን ጭነት ሰጥቶ የሚፈትነው ለዚሁ ነው።