ስለ ውርንጭላ እግር መጣመምና ስለሚቃናበት ሕክምና

በሐረር ግንብ መካከል ፈረስ መጋላ የሚባል አደባባይ አለ፤ ትርጓሜውም የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ስፍራ ተሰልፎ የሚታየው መኪናና ባጃጅ ነው እንጂ ፈረስ አይደለም፤ ስሙ ግን የቀድሞውን ሥራ ይመሰክራል። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ የሐረር ንግድ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርደው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር። ከ1879 እስከ 1898 ዓ.ም. ሐረርን የገዙት ራስ መኰንንም እንደ ዘመኑ መኳንንት ልማድ በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ዛሬም ቢሆን በጁገል ውስጥ መኪና የማያሳልፉ ጠባብ መንገዶች ብዙ ስለ ሆኑ፣ ማገዶውንና አትክልቱን በበሮቹ አሳልፎ እስከ ደጃፍ የሚያደርሰው አህያ ነው።

የነዚህ እንስሳት ሁሉ ዋጋ በእግራቸው ላይ ነው። እግሩ የተጣመመ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ክብደቱ በአንድ ወገን ስለሚያርፍ መጋጠሚያው ቶሎ ያልቃል፤ በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ጭነት ሲሸከምም ያነክሳል፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ሊሸጠውም ሊጭነውም የማይችል ሸክም ይሆናል። አንዲት እናት አህያ ብቻ ላለችው ቤተ ሰብ የውርንጭላዋ እግር ማለት የሚመጡት ዓመታት እንጀራ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ሳይሆን የወረዳ ሹም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

የእግር መጣመም በሁለት ዐይነት ይከፈላል። አንደኛው የአጥንት መጣመም ነው። ውርንጭላው ከፊት ሆነው ሲመለከቱት የፊት እግሮቹ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ይቀራረቡና ከጉልበት በታች ያለው እግር ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ወይም በተቃራኒው ከጉልበት ወይም ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው እግር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሁለተኛው የጅማት መኰማተር ነው፤ በዚህ ጊዜ ውርንጭላው በሰኮናው ጫፍ ይቆማል፣ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት ይሰበራል። ምክንያቱም ብዙ ነው፤ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ መጣበብ፣ ከቀኑ በፊት መወለድ፣ መንታ መሆን፣ የመኖ አለመመጣጠን፣ ከመጠን ያለፈ ፈጣን ዕድገት፣ ወይም በአንዱ እግር ታሞ በሌላው ብቻ መቆም ነው።

ባለቤቱ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር ጥቂት የተጣመመ እግር ሁሉ ቢላዋ የማያስፈልገው መሆኑን ነው። ከተወለዱት ውርንጭላዎች ብዙዎቹ ጉልበታቸው በመጠኑ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሆኖ ይታያሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ራሳቸው ይቃናሉ። በነዚህ ቀናት ውርንጭላው ከእናቱ ጋር በደረቅና በጠባብ ስፍራ ይቀመጥ፤ ከእናቱ በኋላ በገበያ መንገድ እየሮጠ አይከተል። በተለይ ከቀኑ በፊት የተወለደ ከሆነ፣ የጉልበቱ ትናንሽ አጥንቶች ገና ስላልጠነከሩ በሩጫ ይደቅቃሉ፤ የደቀቀውንም ማንም አይመልሰውም። እግሩ ወደ ውጭ የሄደ እንደ ሆነ የሰኮናው የውጭ ጠርዝ በየሁለት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሞረዳል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ እንደ ሆነ የውስጡ ጠርዝ ይሞረዳል።

ጅማቱ የተኰማተረበት ውርንጭላ ግን ቆሞ መጥባት ካልቻለ መጠበቅ አይገባም። እንገሩን በተወለደበት በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ካላገኘ በሽታ የሚከላከልበትን ኀይል ያጣልና፣ ሰው ደግፎ ያጥባው ወይም አልቦ ያጠጣው። እግሩ በጥጥና በጨርቅ ከተጠቀለለ በኋላ በመቃኛ እንጨት ይታሰራል፤ ማሰሪያውም ቆዳውን እንዳያቈስል በየቀኑ ተፈትቶ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ጅማቱን ያላላል፤ ነገር ግን ኵላሊትን ሊጐዳ ስለሚችል ከሐኪም በቀር ማንም አይስጠው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እግሩ ያልተቃና እንደ ሆነ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል። የአሠራሩ ምስጢር ይህ ነው። የውርንጭላ አጥንት የሚረዝመው በጫፉ አጠገብ ባለች ለስላሳ ክፍል ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ሲያድግ እግሩ ይጣመማል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ፈጥኖ በሚያድገው ወገን በኩል ብሎን አግብቶ ዕድገቱን ለጊዜው ይይዘዋል፣ የዘገየውም ወገን ይደርስበታል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ብሎኑ የሚገባው በውስጥ በኩል ነው። እግሩ በተቃና ቀን ብሎኑ መውጣት አለበት፤ ቢዘገይ እግሩ ወደ ሌላው ወገን ይጣመማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ በዘገየው ወገን የአጥንቱን ልባስ ሰንጥቆ የማላቀቅ ዘዴም በሰፊው ተሠርቶበት ነበር፤ ኋላ በተደረገ ማመሳከሪያ ግን ያረፉና ሰኮናቸው የተሞረደ ውርንጭላዎች ያለዚህ ቀዶ ሕክምና እኩል ተቃንተው ተገኝተዋል። ለጅማት መኰማተር ደግሞ ጥልቁን ጅማት የሚይዘው አጋዥ ጅማት ይቈረጣል፤ ይህም የሰኮናው ፊት ቀጥ ብሎ ከመቆም አልፎ ወደ ፊት ሳያዘነብል ሲሠራ ውጤቱ መልካም ነው።

እንግዲህ በብሎን የሚደረገው ሕክምና ሁሉ የሚሠራው አጥንቱ በማደግ ላይ ሳለ ብቻ ነው። በቁርጭምጭሚት ላይ ያለው ዕድገት በ3 ወር ውስጥ አብዛኛው ስለሚያልቅ፣ የዚህ ስፍራ ቀዶ ሕክምና ውርንጭላው 2 ወር ሳይሞላው ሊታሰብ ይገባል። የፊት ጉልበት ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣል፤ የዕድገቱ ብርታት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። ለጋ ቅርንጫፍ በእጅ ይቃናል፤ የደረቀ ግንድ ግን አይቃናም። ስለዚህ በዓመቱ ገበያ ሲወጣ ጉድለቱ የታየበት ውርንጭላ ባለቤቱ ገንዘብ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ ቀኑ አልፎበታል።

በዚህ ላይ ብርቱ ጉዳት የሚያመጣ አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም የተጣመመውን እግር በጋለ ብረት መተኮስ ነው። ብረቱ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ቍስሉም ያመረቅዛል፤ አጥንቱን ግን አያቃናም። ከዚህም የከፋው፣ ቍስሉ እስኪድን ሲጠበቅ ለእውነተኛው ሕክምና የተሰጡት ሳምንታት ያልፋሉ።

ቀዶ ሕክምናው ራጅ፣ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ቤትና የሠለጠነ እጅ ስለሚጠይቅ በየቀበሌው ሊገኝ አይችልም። ይሁን እንጂ ሐረር ከዕውቀት ምንጭ የራቀች አይደለችም፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረውና ዛሬ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። በቢሾፍቱም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ።

የሹማምንት ድርሻ ቢላዋ መያዝ ሳይሆን ቀን ማስቈጠር ነው። ውርንጭላ ሲወለድ ባለቤቱ ቀኑን እንዲይዝ፣ በ1 ሳምንት ውስጥ እግሩን ከፊትና ከጎን በደልዳላ መሬት አቁሞ እንዲመለከት፣ መጣመሙ የበዛ ወይም በ2 ሳምንት ያልቀነሰ እንደ ሆነ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ እንዲያሳይ፣ ባለሙያውም ወሩ ሳይሞላ ወደ ሐኪም እንዲልከው ማዘዝ ይገባል። ይህ ትእዛዝ ብዙ ወጪ የለበትም። ትእዛዙ በገበያ ቀን በከተማው በሮች ቢነገር፣ ማገዶ ጭኖ የሚገባው ባላገር ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ባለፈው ሳምንት የተወለደውንም ውርንጭላ በዚያው ማታ አቁሞ ያየዋል።