የሱቅ ሠራተኛ ጥቂት ሲያጎድል ለባለቤቱ መንገር ይገባልን?

በንግድ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ መዝገብ ያዥም ይሁን ጸሓፊ፣ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። የሥራ ባልደረባው ጥቂት ነገር ሲያጎድል ያያል። የነገሩ ትንሽነት ለመናገር ያሳፍረዋል፤ እውነትነቱ ደግሞ ዝም ብሎ ለማለፍ ያስቸግረዋል። እንግዲህ ለባለቤቱ ይንገር ወይስ ይተወው? በነጋዴ ቤት በጸሓፊነት ስሠራ ያየሁትን፣ ሕጉም የሚለውን አጣምሬ ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ትንሽ ጉድለት የምንለውን መለየት ያሻል። አንዱ ሻጭ 450 ብር የተተመነውን ዕቃ በ480 ብር ሸጦ ሠላሳውን ብር ወደ ኪሱ ይከታል። ሌላው «ዝርዝር የለኝም» እያለ የገዢውን መልስ ያስቀራል። አንዳንዱም ከገንዘብ መሳቢያው ሁለት መቶ ብር ወስዶ ደመወዝ ሲቀበል ይመልሳል፤ ይህንንም ብድር ብሎ ይጠራዋል፤ አበዳሪው ግን ስለ ብድሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቀድሞ የማናውቀው ዐይነት ተጨምሯል፤ ይኸውም ገዢው ሒሳቡን በሱቁ ቁጥር በመላክ ፈንታ በሻጩ የግል ስልክ እንዲልክ ማድረግ ነው። ይህ መሳቢያውን ስለማይነካ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ዕቃው ሲቈጠር ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ በብር ልክ ቢተካከሉም በጠባይ ግን አንድ አይደሉም። ከመሳቢያ የሚወስደው የሚጎዳው ባለቤቱን ነው። መልስ የሚያስቀረውና ከዋጋ በላይ የሚሸጠው ግን የሚጎዳው ገዢውን ስለ ሆነ ከመዝገቡ አንዳች አይጎድልም፤ የሚጎድለው ደንበኛው ነው። ደንበኛውም «ሻጩ አታለለኝ» አይልም፤ «የእነ እገሌ ሱቅ ውድ ነው» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ተቈጣጣሪ በደረሰ ጊዜ የሚቀጣው የንግድ ፈቃዱ ባለቤት ነው። ስለዚህ የደረሰኝ ነገር በዚያው ቀን ለባለቤቱ ሊነገር ይገባል፤ በዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። ችግሩ ያለው በቀረው ላይ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ጨረስሁ በተቀጠርሁበት የጨርቃ ጨርቅ መደብር፣ አንድ ሻጭ ከመሳቢያ ጥቂት ጥቂት ሲወስድ አየሁ። ሚስት ያለው፣ ልጅ የሚያስተምር፣ ለእኔም ደግ የነበረ ሰው ነው። «ወር ሲደርስ ይመልሳል» ብዬ ዝም አልሁ፤ በእርግጥም ሁለት ወር መለሰ። በሦስተኛው ወር ግን ሳይመልስ ድንገተኛ ቈጠራ መጣ። መጥረጊያ ይዞ ወደ ውስጥ የሚገባው፣ ቁልፉንም አንዳንድ ቀን የሚያቀብለው ተላላኪ ልጅ ነበርና ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ወደቀ። ልጁ ምሎ ተገዝቶ ቢለምንም በማግሥቱ ተሰናበተ። እኔ ያየሁትን የተናገርሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባለቤቱ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ያን ጊዜ ስለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን አስፈለጉት፤ ከተከራየበት ቤት ለቅቆ ሄዶ ነበርና አልተገኘም።

በዚህ ነገር ላይ ሁሉም የሚጠቅሰው «ምነው እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ምሳሌ ነው። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚያስበው ስለ ሌባውና ስለ እናቱ ብቻ ነው። እንቁላሏ ስትጠፋ በጎረቤት የተጠረጠረ ሌላ ልጅ ይኖር እንደ ሆነ አያነሣም። በሱቅ ውስጥ ግን የዝምታ ዕዳ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ በሌላው ልጅ ላይ ነው።

ይህን ስል ያዩትን ሁሉ ሮጦ መናገር ይገባል ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት ሠራተኛ ማታ ማታ ሳሙና በቦርሳዋ ስትይዝ አይቼ ስብሰለሰል ከረምሁ፤ በኋላ እንደ ተረዳሁት ማሸጊያው የተቀደደውን እንድትወስድ የፈቀዱላት ባለቤቱ ራሳቸው ኖረዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የዋጋውን ዝርዝር፣ የዕቃውን መቈጣጠሪያ ካርድና የዕለቱን ደረሰኝ ማስተያየት ያስፈልጋል። የዐይን ምስክርነት ብቻውን ይሳሳታል።

ነገሩ እርግጥ ከሆነ ቀጥሎ ሠራተኛውን ለብቻው፣ ገዢ በሌለበት ሰዓት ማነጋገር ይሻላል። «እኔ አይቻለሁ፤ እስከ ነገ ማታ አንተ ራስህ ለጌታችን ንገር፤ አለዚያ እኔ እነግራለሁ» ማለት ይበቃል። አስቀድሞ የተናዘዘና የተያዘ ሰው በባለቤቱ ፊት እኩል አይታዩም። ይሁን እንጂ ሌላ ሰው ተጠርጥሮ ከሆነ፣ ወይም ማስረጃው የሚጠፋ ከሆነ፣ ቀጠሮ መስጠት አይገባም። ለሌሎች ሠራተኞች በሹክሹክታ ማውራት ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 613 የሚያስቀጣ ነገር ነውና፣ ለባለቤቱ ብቻ ሊነገር የሚገባው በገበያ ሲዞር ተናጋሪውን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ደግሞ ስለ ባለቤቶች። ሠራተኛ የሚነግራቸው ሲያጡ የሚያዝኑ ነጋድያን አሉ፤ ነገር ግን የተነገራቸው ዕለት ሁሉን ሰብስበው የሚጮኹ፣ የነገራቸውንም ሰው ስም በአደባባይ የሚጠሩ ከሆነ ሁለተኛ ማን ይነግራቸዋል? ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27፣ በሥራ ላይ የማታለል ወይም የማጭበርበር ተግባር መፈጸምን፣ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት በአሠሪው ንብረት ወይም ገንዘብ መጠቀምንም፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች መካከል ቈጥሯቸዋል። ነገር ግን ይህ መብት ባለቤቱ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። እንግዲህ ጸሓፊው የተናገረበት ቀን ተራ ቀን አይደለም፤ የቀኑ ቈጠራ የሚጀምርበት ሊሆን ይችላልና በጽሑፍ መያዝ አለበት። «ለጊዜው ልተወውና ሌላ ሲያጠፋ በዚህ አባርረዋለሁ» ብሎ መንፈቅ ማቈየት አይቻልም። ስንብቱም ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ መሰጠት ይኖርበታል።

የጎደለውን ከደመወዝ ለመቍረጥ የሚቸኩሉም አሉ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ደመወዝ አይቈረጥም፤ ሲቈረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሢሶ ሊበልጥ አይችልም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 665 ስለ ስርቆት፣ በአንቀጽ 675 ደግሞ ስለ እምነት ማጉደል ደንግጓል። ሆኖም ስለ ሁለት መቶ ብር ወደ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ለባለቤቱ የሚያስወጣው ጊዜ ከጎደለው እንደሚበልጥ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

በቅርቡ፣ አሁን በምሠራበት ቤት፣ ያ የቴሌብር ነገር በአንድ ወጣት ሻጭ ላይ ታየ። ካርዱን ከደረሰኙ አስተያይቼ ስምንት ዕቃ ጎድሎ አገኘሁ፤ ለብቻውም ጠርቼ ነገርሁት። «እትዬ፣ እባክዎ እስከ ደመወዝ ይታገሡኝ፤ እመልሳለሁ» አለኝ። እስከ ነገ ማታ ብቻ እንደምታገሥ ነገርሁት። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወደ ባለቤቱ ገብቶ ራሱ ተናገረ፤ በጽሑፍ ተስማምቶም ገንዘቡን በሦስት ወር ከፈለ። ባለቤቱ አላሰናበቱትም። የሱቁን የክፍያ ቁጥር በትልቁ አስጽፈው ገዢ በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ልጁንም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ለእኔ እስከ ዛሬ ሰላምታ የሚሰጠኝ አንገቱን አቀርቅሮ ነው።