የብር ዋጋና የኑሮ ዋጋ

በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ዓለም ባንክ ሠፈር ስሙን ያገኘው ዓለም ባንክ ብድር ከሰጠበት የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ነው። ተቋሙ ለኢትዮጵያ ማበደር የጀመረው ግን ቀደም ብሎ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ለመንገድ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአበዳሪዎች ጋር በተደረጉ ድርድሮች ደጋግሞ የተነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ የብርን ዋጋ ማን ይወስን?

በደርግ ዘመን 1 ዶላር በ2.07 ብር ተተምኖ ቆየ። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር እንደገና በ15 በመቶ ተቀነሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ። ያን ጊዜ የባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ፣ የጥቁር ገበያው ደግሞ እጥፍ ገደማ ነበር። ለውጡን ተከትሎ አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን፣ ዓለም ባንክ ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀዱ።

የለውጡ ደጋፊዎች ሱቅ ውስጥ ያለው ብዙው ዕቃ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሸጥ ነበር ይላሉ። እውነት አላቸው። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ግን በባንክ ዋጋ ይገቡ ስለነበር የዋጋ ጫናው እነሱ ላይ አረፈ። መንግሥት ለእነዚህ ጊዜያዊ ድጎማ፣ ለዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኞቹም የደመወዝ ጭማሪ አስታወቀ። የቀን ሠራተኛዋና ጉልት ቸርቻሪዋ ግን የሚጨመርላቸው ደመወዝ የላቸውም፤ የታክሲውንና የዘይቱን ዋጋ ከዕለት ገቢያቸው ይከፍላሉ።

ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ደረሰ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ከ1000 ውስጥ 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆኑ። ይህ ሁሉ የተገኘው ምንዛሪው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሳለ ነው። ሕፃናቱን ያተረፈው ከምንዛሪ ተመን ይልቅ ቤት ለቤት የዞረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ክትባቱና ለድሆች የሚሰጠው የሴፍቲኔት ድጋፍ ነው። ያም ሆኖ በዚያው ዘመን የታየው የግንባታ ዕድገት በዕዳ ስለመጣ ሀገሪቱ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

ስለዚህ ከአበዳሪዎች ጋር ለመስማማት ተመኑን ማስተካከል የማይቀር ነበር። የምንዛሪ ለውጥ ብቻውን ግን ድሀን አይደግፍም። የምክር ቤት አባላት በጀት ሲያጸድቁ የዕድገቱን መቶኛ ሰምተው እንዳያልፉ፤ ለጤና ጣቢያ መድኃኒትና ለከተማ ሴፍቲኔት የተመደበው ብር ከዋጋ ንረቱ እኩል መጨመሩን ይጠይቁ።